ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል

አሶሳ መወለዴን የሰማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሩቅ ነው አይደል?» ይለኛል፤ እንደ ማዘንም እንደ ማድነቅም እያደረገው። እኔም እንደ ጠያቂው መልሴን እለዋውጣለሁ። መኪና ላለው ከ660 ኪሎ ሜትር በላይ ነው እላለሁ። የአውሮፕላን ትኬት ለመቁረጥ አቅም ላለው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው እላለሁ። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ፣ መንገዱ ከቀና፣ ሁለት ቀን። እናቴ ግን ለዚህ ጥያቄ የራሷ መልስ ነበራት። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም የእሷ መልስ ነው።

ርቀት መለካት የተማርኩት አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በክር ነው። ትምህርት ቤታችን ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብለው ካሉት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ ውስጥ ነበር። (መንደሮቹ ሲመሠረቱ ከስም ይልቅ ቁጥር ስለተሰጣቸው «የስንት ቁጥር ልጅ ነሽ?» እየተባልን ነው ያደግነው።) አስተማሪያችን ጥግ ጥጉ የተበላ አንድ አትላስ ነበራቸው። ከካርታው ግርጌ አንድ ሴንቲ ሜትር 50 ኪሎ ሜትር መሆኑን አነበቡልንና ከአሶሳ ነጥብ እስከ አዲስ አበባ ነጥብ ክር እንድንወጥር አዘዙን። ወጠርን። ክሩን በማስመሪያ ስንለካው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ሲባዛ 475 ኪሎ ሜትር። «ይህ የአየር ርቀት ነው፤ አሞራ የሚሄድበት» አሉን። ቀጥለው ያንኑ ክር በቀዩ የመኪና መንገድ ጠመዝማዛ ላይ እንድናስተኛው አደረጉን። ከአሥራ ሦስት ሴንቲ ሜትር አለፈ። በእርግጥ ከዓመታት በኋላ የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዤ ደግሜ ሳሰላው 477 ኪሎ ሜትር ገደማ መጣልኝ። አስተማሪያችን በዚያ አሮጌ አትላስና በአንድ ክር ያን ያህል መቅረባቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዚያን ቀን እየሮጥኩ ቤት ገባሁና «እማዬ፣ አዲስ አበባ እኮ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል ናት!» አልኳት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣

«ክሩ መንገድ ላይ ያድራል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እናቴና አባቴ ወደ አሶሳ የመጡት በ1977 ዓ.ም ነው። ያ ዓመት ምን እንደነበር ለአንባቢ አልተርክም፤ ያላየው ሰምቷል። መንግሥት በድርቅ ከተጎዱት የሰሜን አገሮች ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ባሠፈረበት ጊዜ ሰዉ በአውቶቡስም፣ በጭነት መኪናም፣ በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላንም ተጓጉዟል። የእኛዎቹ የአውቶቡስ ዕጣ ደረሳቸው። ከወሎ ተነሥተው አሶሳ የገቡት በአምስተኛው ቀን ነው። እናቴ ይህን መንገድ በኪሎ ሜትር አታውቀውም። የምታውቀው በሌሊት ነው፤ የመጀመሪያው ሌሊት፣ ሁለተኛው ሌሊት እያለች። ለነገሩ የጥንት ሰው ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለካው። «የሦስት ቀን የእግር መንገድ»፣ «የአንድ ቀን የበቅሎ መንገድ» ሲል ርቀትን ብቻ ሳይሆን ድካሙንም፣ ስንቁንም፣ የሚታደርበትንም ጎጆ ጨምሮ መናገሩ ነበር። ኪሎ ሜትር ይህን ሁሉ ጥሎት ነው የመጣው።

በአራተኛው ቀን ወላጆቼ የስምንት ወር ልጅ ሞተችባቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው ነበረች፤ የእኔ ታላቅ። ነቀምቴ አድረው ወደ ጊምቢ ሲጓዙ፣ የዲዴሳን ድልድይ ተሻግረው ጥቂት እንደሄዱ ነው። አውቶቡሱ ቆመ። አባቴና ሌሎች ሁለት ሰዎች ከመንገዱ በስተ ግራ ወረዱ። ምን ያህል ጊዜ ተሰጣቸው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄው ነበር። «ሾፌሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ ሞተሩን አጠፋው» አለኝ አባቴ። ከዚያ ሌላ አልጨመረልኝም።

እንግዲህ የእናቴ መንገድ ይህ ነው። በኋላ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ በጀመረች ጊዜ፣ በተለይ እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ልማር ከመጣሁ ወዲህ፣ በአውቶቡስ ውስጥ የምትመርጠው ቦታ ነበራት። ስትመጣ በቀኝ፣ ስትመለስ በግራ፣ በመስኮት በኩል። ሌላ ሰው ከያዘው ትለምነዋለች። ከዲዴሳ ድልድይ ማዶ መቃብሩ የቱ ጋ እንደሆነ በትክክል አታውቀውም፤ ዛፉ ተቆርጧል፣ መንገዱም ተሠርቶ ተቀይሯል። ስለዚህ ከድልድዩ ጀምራ እስኪበቃት ድረስ መዳፎቿን ዘርግታ ፋቲሃ ትቀራለች። አብሬያት ስሄድ አያት ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ስለሚወጣ ጊዜ ነበራት። ቀስ ያለ መኪና በረከት የሚሆንለት ሰው አለ።

ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ግን ይህ መንገድ እንደ ድሮው አልሆነም። በካማሺና በምዕራብ ወለጋ በኩል በተነሣው ግጭት ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ደግሞ ሲዘጋ ዓመታት አለፉ። ብዙ ሰው ሞቶበታል፤ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። አሶሳ ላሉት ዘይቱም መድኃኒቱም ተማሪውም የሚመጣው በዚያ ነበርና፣ መንገዱ ሲዘጋ ከተማዋ ካርታው ላይ ባለችበት ሆና ራቀች። ክሩ ያው ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ትኬት የገዛ በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ያልገዛ መቼ እንደሚደርስ አያውቅም። ጎረቤቴ የሆነች ሴት ወንድሟ ከዋሽንግተን ሲመጣ ቦሌ ልትቀበለው ሄዳ ነበር። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል በረራ። የአሶሳን ሃያ አራት እጥፍ ነው። እሱ ማታ ዋሽንግተን ተሳፍሮ በማግስቱ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አሶሳ ያለች አክስቴ ደግሞ የአውቶቡስ ወሬ እየጠበቀች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር።

እናቴ በ2017 ዓ.ም ጥር ላይ፣ መንገዱ ደህና ነው በተባለ ሰሞን፣ በአውቶቡስ ወደ እኔ መጣች። ዐይኗ ሞራ ለብሶ ነበር። ግራ ዐይኗ ተቀደደላትና አየች፤ ቀኙ ለሌላ ጊዜ ተባለ። ረመዳን ሲገባ መረጋጋት አቃታት። ዒድን ከቤቷ ውጭ አልውልም አለች። መናኸሪያ ሄጄ ብጠይቅ አንዱ «ይሄዳል» ይለኛል፣ አንዱ «እናትሽን ይዘሽ? እኔ ብሆን አልሞክረውም» ይለኛል። ሁለት ቀን ተመላልሼ በሦስተኛው ቀን ከወንድሜ ገንዘብ ተበድሬ ሁለት የአውሮፕላን ትኬት ቆረጥኩ።

አልተደሰተችም። አውሮፕላን ፈርታ መስሎኝ ነበር።

«በየት በኩል ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«በሰማይ ነዋ፣ እማዬ።»

«ይሁን፣ በሰማይ። በዲዴሳ በኩል ያልፋል ወይ?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት ካርታ ፈልጌ እንደ አምስተኛ ክፍሌ ክር ወጠርኩ። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ የተወጠረው መሥመር ነቀምቴን አይነካትም፤ ከእሷ በስተ ሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያልፋል። ዲዴሳ ግን ወንዝ ነው፤ ወደ ዓባይ ለመቀላቀል ወደ ሰሜን ይፈሳል። ስለዚህ መሥመሩ ወንዙን ይሻገረዋል፤ ከድልድዩ በጣም ርቆ፣ በታች በኩል። ይህንን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና «ውኃው ያው ውኃ ነው» አለች። በዚህ ተስማማን።

ያልተስማማነው በጾሙ ነው። መንገደኛ ጾሙን ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። ሊቃውንቱ ይህ ፈቃድ የሚጀምርበትን ርቀት በጥንቱ አቆጣጠር የሁለት ቀን የግመል መንገድ ያደርጉታል፤ በዛሬ ልክ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔ 477 ኪሎ ሜትር ነው ብዬ ተከራከርኳት። እሷ «አንድ ሰዓት ተቀምጦ መሄድ ምኑ መንገድ ነው? እኔ መንገድ አውቃለሁ» አለች። ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፤ ዕውቀቱ ከእሷ ጋር። ሱሁር በልታ ጾመች። እኔም አፍሬ ጾምኩ።

ስለዚህ አንድ ሰዓት ትንሽ ላጫውት። ወደ አሶሳ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ ሰባ ስምንት ሰው ይይዛል። በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ የመብረር አቅም አለው። 477ን ለዚህ ስታካፍሉት 43 ደቂቃ ይመጣል። ታዲያ ለምን አንድ ሰዓት ከሩብ ይባላል? አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይንደረደራል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ከመድረሱ በፊት ፍጥነቱን እየቀነሰ ይወርዳል፣ ማኮብኮቢያውን ለማግኘት ይዞራል። ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው መሐል ላይ ብቻ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ያለ ሜዳ ነው፤ የአሶሳው ከ1,600 ሜትር በታች ነው። ይህንን ሁሉ ደግሞ የእኔ ቤት በር አያውቀውም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከቤት ወጥተን፣ ተፈትሸን፣ ጫማ አውልቀን፣ ተቀምጠን ጠብቀን፣ በርረን፣ ሻንጣ ጠብቀን፣ ባጃጅ ተሳፍረን የእናቴ ደጅ ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ስድስት ሰዓት ነው እንጂ አንድ ሰዓት አይደለም። ቢሆንም ስድስት ሰዓትና አምስት ቀን አንድ አይደሉም፤ ይህን የሚክድ ምስጋና ቢስ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ራስ መኰንን ወደ ቤላ ሻንጉል ሲዘምቱ ሠራዊቱ በእግሩና በበቅሎ ነው የሄደው። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ያስገቡት የነበረው ወርቅም በዚሁ ሁኔታ ለሳምንታት ተጉዞ ነው አዲስ አበባ የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሠፈር አለ። ታክሲ ውስጥ «ሼህ ሆጀሌ!» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ የወርቅ ቅፍለት ስንት ቦታ አድሮ ይሆን እላለሁ። በየመንገዱ የቀረው ሰው ስም ግን በየትም የለም።

የመስኮቱን ቦታ ሰጠኋት፤ በግራ። ኪው 400 ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው፤ ወደ ታች ለማየት የሚጋርድ የለም። ከአዲስ አበባ ስንነሣ በጥቁር መነጽሯ ሥር አዲሷን ዐይን አጥብባ ታይ ጀመር። መጀመሪያ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዚያ የታረሰ መሬት፣ እንደ ተለጣጠፈ ጨርቅ። «ሰዉ ይሄን ሁሉ አርሶ ነው የሚራበው?» አለች። ቀጥሎ መሬቱ እየጎደጎደ፣ እየደረቀ ሄደ። መጋቢት ነውና በምዕራቡ ቆላ ሣሩ ይቃጠላል፤ ጭሱ እንደ ጉም ተነጥፎ ነበር።

ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ወንዙ ከመንገዱ ሦስት እጅ ሁለቱ ላይ ያህል መሆኑን በክሩ ለክቼ ይዣለሁ። ከተነሣን ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሲሆን ክንዷን ነካሁት።

«አሁን ይመስለኛል» አልኳት። «ነቀምቴ በዚያ በኩል ናት፣ በአንቺ በኩል። ድልድዩም እንደዚያው።»

ወደ መስኮቱ ተጠጋች። የሚታየው ጭስ ነው። ከሥሩ አንድ ሸለቆ የመሰለ ጨለማ አለ፤ ወንዙ ይሁን የደመና ጥላ ይሁን መማል አልችልም። እናቴ መዳፎቿን ዘረጋች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሞተሩ ድምፅ ስለሚበልጥ አልሰማትም። ከኋላችን ያለ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ፊቷን በመዳፎቿ ስትዳብስ አስተናጋጇ መቀመጫችንን እንድናቀና ነገረችን። መውረድ ጀምረን ነበር።

«ቶሎ አለፈ» አለችኝ እናቴ።

ምን ብዬ እንደምመልስላት አላወቅሁም። አውሮፕላን የተሠራው ቶሎ እንዲያልፍ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው መነሻና መድረሻ እንጂ መሐል የለውም፤ እናቴን ደግሞ መሐሉ ላይ የቀረባት ነገር አለ። ይህን እያሰብኩ ዳቡስን ማለፋችንን እንኳን ልብ አላልኩትም፤ ቀና ስል የአሶሳ የማንጎ ዛፎች ነበሩ።

ማታ ደጅ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ቴምሩና ውኃው ቀርቦ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲጠይቃት፣ እኔ በልማዴ ስልኬን አየሁ። 12፡36 ይላል። እጄን ወደ ቴምሩ ሰደድኩ።

«መልሺ» አለችኝ እናቴ። «የጠለቀችው የአዲስ አበባ ጀምበር ናት።»

እውነቷን ነው። አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አራት ዲግሪ ከሩብ ያህል ራቅ ብላ ነው ያለችው፤ ምድር አንዱን ዲግሪ ለማዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። አገሩ አንድ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፤ ጀምበሯ ግን አሶሳ ላይ አሥራ ሰባት ደቂቃ ያህል ትቆያለች። (ድንበሩን ተሻግራችሁ ኩርሙክ ማዶ ብትገቡ ሰዓቱ ራሱ በአንድ ሰዓት ይዘገያል፤ ሱዳን በ2010 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ወደ ኋላ መልሳዋለች።) ስንት ረመዳን አዲስ አበባ ሆኜ ስደውልላት ቴምር በአፌ ነበር፤ እሷ ደግሞ «ለእኛ ገና ነው፣ አንቺ ብዪ» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ሱሁር አዲስ አበባ በልተን ፊጥር አሶሳ ስንጠብቅ የሁለታችን ጾም ረዝሟል። ከዚያ ሁሉ በረራ በአካሌ የተሰማኝ ርቀት ይህ አሥራ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው።

ሰዉ ዝም ብሎ ወደ ምዕራብ ያያል። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ነበር። ድንገት ዝቅ ባለ ድምፅ የእህቴን ስም ነገረችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። እዚህ አልጽፈውም።

«መንገዱ ሲከፈት በአውቶቡስ ነው የምመጣው፤ ለቀኙም ዐይኔ» አለችኝ። «በቀኝ በኩል ያዢልኝ።»

«እሺ» አልኳት። አዛኑ ሲሰማ ቴምሩን አነሣች፤ አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ።